የታሸገ ዋጋ

በ1988 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ነፋስ ስልክ በነበረ አንድ የመንግሥት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዋጋ ይሸጣል የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሰነበተና በመጨረሻ ማናዬ ደጃፍ ላይ ቆመ።

ማናዬ የጨረታ ሳጥን ጠባቂ ነበር። ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ ግድግዳቸው የተሰነጠቀ የኪራይ ቤቶችን ማን እንደሚጠግን የሚለየው በዚያ ሳጥን በኩል ነው። ተቋራጮች ዋጋቸውን በፖስታ አሽገው፣ በሰም አትመው ይከትታሉ። በቀጠሮው ቀን ፖስታው ሁሉም ባሉበት ተቀድዶ ይነበባል፤ ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀረበ ሥራውን ይወስዳል።

ችግሩ፣ አሸናፊው ሁልጊዜ ሁለተኛውን የሚቀድመው ለጥቂት መሆኑ ነው። አንዴ ሰዒድ ያሸንፋል፣ አንዴ ፅጌረዳ፣ ደግሞ ግዛው፤ ሰው ይለዋወጣል፣ ልዩነቱ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። የሌላውን ፖስታ ያላየ ሰው እንዲህ አጥብቦ ያሸንፋል ብሎ ማን ያምናል? ፖስታዎቹ ደግሞ ያሉት በማናዬ እጅ ነው።

«ሸጠኸዋል» አሉት አለቃው አቶ ጸጋአብ።

«ለማን ጌታዬ?»

«ለመጣው ሁሉ! አንድ ደንበኛ ብትይዝ እንኳ ይሻል ነበር። አንተ እኮ እንደ ሊስትሮ እግሩን ላስቀመጠ ሁሉ ነው የምትጠርገው።»

ጩኸቱን ያባባሰው አራተኛው ተቋራጭ ከበበው ነበር። በተሸነፈ ቁጥር «ዋጋዬ ተቸበቸበ!» እያለ ኮሪደሩን ያናውጠዋል፤ አቤቱታውንም እስከ ላይ አድርሶታል። ማናዬ ከሥራ ቢባረር የሚኖርባት የመንግሥት ቤት ትነጠቃለች፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ወኅኒ ነው። ሚስቱ ሀና እንኳ አንድ ቀን ምሳ አቅርባለት ቆም አለችና «እውነቱን ንገረኝ፤ አልፈርድብህም» አለችው። ማናዬ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰ።

የሚቀጥለው ጨረታ ሲቃረብ መላ ዘየደ። ሳጥኑ በሦስት ቁልፍ ይዘጋ፤ ቁልፎቹም ሦስት ኃላፊዎች ዘንድ ይደሩ አለ።

«እኔን ደግሞ ከዓይንዎ አይለዩኝ» ሲል አቶ ጸጋአብን ለመናቸው።

እንዳለውም ሆነ። ጨረታው ክፍት ሆኖ በቆየበት ጊዜ ሁሉ አለቃው ቢሮ ጥግ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ወንበር ላይ ዋለ። ፖስታ ሲገባ እንኳ አላየም። ሽንት ቤት ሲሄድ ዘበኛው ቱሉ ይከተለዋል።

«አቶ ማናዬ፣ እዚያ ውስጥ ፖስታ የለም፤ ቶሎ ይበሉ!» ይለዋል ከውጭ።

የመክፈቻው ቀን ሳጥኑ የሚዘጋው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ሰዒድ ገና አልደረሰም።

«እባካችሁ ትንሽ ታገሡት» አለ ከበበው። «መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽታበት ነው።»

«ሰዓት ሰዓት ነው» አሉ አቶ ጸጋአብ።

ሰዒድ ጫማው በጭቃ እንደ ተለወሰ፣ እያለከለከ ገብቶ ለጥቂት ፖስታውን ከተተ።

ሦስቱ ቁልፎች ተራ በተራ ዞሩ። ሰሙ በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ እንዳለ መሆኑ ታየ፤ አንድም የተነካ አልነበረም። የከበበው ተነበበ፤ የሰዒድ ተነበበ፤ የፅጌረዳ ከሁለቱም ዝቅ አለ። በመጨረሻ የግዛው ተከፈተ። የፅጌረዳን በፀጉር ስንጥቅ አሸነፈ።

ከበበው ብድግ ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። «በሦስት ቁልፍ የተቆለፈ ዋጋ እንዴት ወጣ? እዚህ ቤት አይጡም ጉቦኛ ነው? ክስ እመሠርታለሁ!» እያጉረመረመ ሲወጣ፣ ወንበሩ ላይ የረሳውን ጃኬት ግዛው አንሥቶ አቀበለው።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አቶ ጸጋአብ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንዴት አነበብከው? ደብተራ ነው የሚጠነቁልልህ?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ፊት እኮ ነው የዋልኩት!»

«አዎን። ቁልፉንም ወንበሩንም ያቀድከው አንተው ነህ። አጥር አጠንክሮ የሚያጥር ቀዳዳውን የሚያውቅ ነው።»

ማናዬ ለንጽሕናው ያቆመው ምስክር ዞሮ መሰከረበት። በእንቅልፍ ልቤ ተናግሬ ይሆን ብሎ ራሱን ጠረጠረ፤ ግን ያላየውን ዋጋ በምን አንደበቱ ይናገር?

«ስማ» አሉ አለቃው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው። «ከበበው አቤቱታውን ካነሣልህ እኔም እተወዋለሁ። ካላነሣ ግን ሰኞ ለፖሊስ አስረክብሃለሁ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ማናዬ መካኒሳ ወደሚገኘው የከበበው ቤት ሄደ። ሽማግሌ ልላክ ቢል አብሮት የሚቆም ሰው አላገኘም። ውሻው ጮኸበት፤ በሩን የከፈተለት ዘበኛ ግን ፈገግ አለ።

«የእቁብ ቀናቸው ነው። ቢሆንም ይግቡ፤ ዛሬ ጋሼ ደስ ብሏቸዋል።»

ማናዬ ትንሽ ተስፋ አደረበት። እቁብ የሚጠጣ ሰው ልቡ ሩኅሩኅ ነው፤ ዕጣ የወጣለት እንደ ሆነማ ይቅር ለማለት አይቸገርም። በረንዳው ላይ ባርኔጣውን አውልቆ በብብቱ ያዘ። «ጋሽ ከበበው፣ ስለ ልጆቼ ብለው» የሚለውን ቃል በከንፈሩ አለማመደ፤ እግራቸው ላይ ልውደቅ ወይስ ጉልበታቸውን ልሳም እያለ አወጣ አወረደ። ከውስጥ ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። የሳሎኑ በር ገርበብ ብሎ ነበርና አንገቱን ቀለስ አድርጎ ተመለከተ።

ሰዒድ የዕጣውን ጣሳ ነቀነቀ፤ ግዛው ዓይኑን ጨፍኖ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አወጣ፤ ፅጌረዳም ዘርግታ አነበበች፦ «በሚቀጥለው ወር የሚወጣው የላፍቶ ጨረታ፣ ለከበበው!»