ቀጭኑ ፊደል

ሐውልት ቀራጩ ኩመራ የሙሉብርሃን ሟች ባል ስም የታተመባቸውን ሁለት ወረቀቶች እብነ በረዱ ላይ ዘረጋ። የአንደኛው ፊደል ድፍን ወፍራም ነው። የሁለተኛው ግን ቋሚው ወፍሮ አግዳሚው እንደ ፀጉር የሳሳ፣ የሠርግ ጥሪ ላይ ሲያዩት የሚያምር ዓይነት ነው። ሙሉብርሃን ከቀብሩ ወዲህ ድካም ባይለቃትም ጣቷን ከቀጭኑ ላይ አላነሣችም።

«እትዬ፣ ይሄ ለወረቀት እንጂ ለዚህ ለመቱ ዝናብ አይሆንም» አለ ኩመራ። «ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት ይውጠዋል። እየመጣ የሚጠርገው ሰው ከሌለ የጋሼ ጥበቡ ስም አይነበብም።»

ሊወስዳት ከአዳማ የመጣው ልጇ ሰዓቱን አየ። «እማዬ፣ በቃ ወፍራሙ ይሁንና እንሂድ። ዕቃሽ መኪና ላይ ነው። አዳማ ከገባሽ በኋላ ማን መጥቶ ሊጠርገው ነው?»

ሙሉብርሃን ቀና ብላ አየችው። ከቤቴ አልወጣም ስትል ከርማ የሰማት አልነበረም። ደግማ ለመከራከርም አቅሙ አልነበራትም።

«እኔ ነኛ» አለች። «ኩመራ፣ ቀጭኑን ቅረጽልኝ። አንተም ልጄ፣ ሂድና ዕቃዬን አስወርድ።»