ዝም ያለው ጎተራ

«ይፈረስ!» ይላሉ ጋሽ ደሴ፣ መጥረቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው።

«ቆይ!» ብዬ በእሳቸውና በጎተራው መካከል እገባለሁ።

ጎተራው የእትዬ ይርጋነሽ ነው፤ ውስጡ ያለው የዘር ስንዴ ግን የስምንት ቤት ነው። ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ መንደር እንደ እትዬ ይርጋነሽ ጎተራ አይጥ የማይደፍረው ስለሌለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዘሩን እሳቸው ዘንድ ከቷል። ሰሞኑን ግን ያለወቅቱ ዝናብ ወረደ። ከላይ ያለው እህል ደህና ነው፣ አይተነዋል። የሚያስፈራው ታቹ ነው። ታቹ ረጥቦ ከሆነ ሻጋታው ወደ ላይ ይወጣል። በከንቱ ካፈረስነው ደግሞ ያን ሁሉ ስንዴ በዚህ ዝናብ የምናሰጣበት የለንም። በሁለቱም መንገድ ዘንድሮ የሚዘራ ይጠፋል።

ይህን ለማወቅ ነበር በጥር ወር ሦስት ሴንሰሮች ከእህሉ ጋር የቀበርኩት፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከመሃል፣ አንዱን ከታች። ባትሪም ሽቦም የላቸውም። ምሰሶ ላይ የሰቀልኩት ነጭ ሣጥን በሬዲዮ ሞገድ ኃይል ይልክላቸዋል። እነሱም ጥቂት በጥቂት ያጠራቅሙና ሲበቃቸው የእህሉን እርጥበት ወደ ስልኬ ይልካሉ። ሦስት ወር ያለማቋረጥ ሲልኩ ቆይተው ከዓርብ ጀምሮ ጭጭ አሉ። ልክ በሚፈለጉበት ሰዓት!

«ሣጥንሽ ሞቷል» ይላሉ ጋሽ ደሴ።

«አልሞተም። አሁን ለካሁት፣ ይሠራል።»

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እኔም ስንዴውን በእጄ ካልዳበስኩ አላምንም።»

ንዴቴ አናቴ ላይ እየወጣ ነው። ላለመመለስ ብዬ ግድግዳውን ደገፍ ስል ጣቶቼ ይሰምጣሉ። እጄን ሳነሳ ጭቃና እበት ተለጥፎበታል።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ ይህን መቼ መረጉት?»

«ዓርብ ነዋ!» ይላሉ ኮራ ብለው። «ዝናቡ ሲበረታ ጊዜ። ደግሞስ አንቺ ስትመጪ የተሰነጣጠቀ ጎተራ ልታዪብኝ ኖሯል? ሁለት ጣት አወፍሬ ነው የመረግሁት።»

መሳቅም ማልቀስም ይቃጣኛል። እርጥብ ጭቃ ሞገዱን ይውጠዋል። ሴንሰሮቼ አልተበላሹም፣ ተርበው ነው። እትዬ ይርጋነሽ ምን አጠፉ? እንዳይመርጉት መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

«መሰላል ስጡኝ» እላለሁ ከዙሪያችን ለቆሙት ጎረቤቶች።

ሣጥኑን ከምሰሶው ፈትቼ እወጣለሁ። የሣር ክዳኑን ገልጬ በሆዴ አፉ ላይ እተኛና ሣጥኑን በሁለት እጄ ወደ ስንዴው አወርዳለሁ። ስልኬን እትዬ ይርጋነሽ ይዘዋል። ከአሥራ አራት ያለፈ ቁጥር ክፉ መሆኑን ድሮ ነግሬያቸዋለሁ።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይላሉ እትዬ ይርጋነሽ።

«ሴንሰሮቹ እስኪጠግቡ ድረስ።»

የላይኛው ቶሎ ይመጣል፤ አሥራ አንድ። የመሃሉ ቆይቶ አሥራ ሁለት። የታችኛው ዝም። ክርኔን ጎተራው አፍ ላይ አስደግፋለሁ። ሣጥኑን ካወጣሁት የታችኛው እስካሁን ያጠራቀመው ይባክንና ከባዶ እንጀምራለን።

«ውረጂና እረፊ፣ ስርጉት» ይላሉ ጋሽ ደሴ። «በቃ ይፈረስ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» እላቸዋለሁ ከላይ። ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም፤ ግን አልኩት።

«የቢቸና ልጅ ግትር ናት ሲሉኝ አላምንም ነበር» ብለው መጥረቢያውን ተደግፈው ይቆማሉ።

ጀርባዬን ካፊያ ይመታኛል። ጋሽ ደሴ መሰላሉን ወጥተው፣ ጋቢያቸውን አውልቀው ጎተራውን ሳይሆን እኔን ያለብሱኛል። አልወርድም። አንድ ሰዓት ሙሉ አልወርድም።

«ሃያ ሁለት» ይላሉ እትዬ ይርጋነሽ በቀጭን ድምፅ።

ማብራራት አያስፈልግም።

«የታችኛውን በየት በኩል ነው የቀበርሽው?» ይሉኛል።

«በምሥራቅ፤ ከመሠረቱ ድንጋይ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ።»

እትዬ ይርጋነሽ ስልኩን ለጋሽ ደሴ ሰጥተው መጥረቢያውን ይቀበሏቸዋል። ከዚያ በኋላ የማየው አናታቸውን ብቻ ነው። ያን ሁለት ጣት ምርጊታቸውን ራሳቸው ይመቱታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ይገባል።

«ሞቋል» ይላሉ። «እንደ ሊጥ ተያይዟል።»

እየዛቁ ያወጡታል። አንድ ቁና ይሆናል፣ ከዚያም ሁለት። እኔ ሆዴ ሥር ስንዴው ሲንሸራተት ይሰማኛል።

«ደረቁ መጣ!» ይጮኻሉ ጋሽ ደሴ። ከላይ ያለው ስንዴ በቀዳዳው እየፈሰሰ ነው። እትዬ ይርጋነሽ ዞረው በጀርባቸው ይደፍኑታል፤ ሁለት እግራቸውን ጭቃው ውስጥ ተክለው። «ከረጢት አምጡ! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?»

ሰው ይሯሯጣል። እሳቸው ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሣጥንሽ እነዚያን የቀበርሻቸውን አሁንም ያበላቸዋል?»

«ያበላቸዋል።»

«እንግዲያው እንዳትወርጂ። እርጥቡ ማለቁን እነሱ ይንገሩን።»

ሁለቱም እጆቼ ደንዝዘዋል። ሣጥኑን ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ።