ጁስ የሚመልሰው ልጅ

«ጁሱን ይዘሽ ተመለሽ።»

እንዲህ ያለኝ ስሜነህ ነው... የገዛ እናቱ ቤት በር ላይ ቆሞ።

እጄ ላይ ሁለት ካርቶን የማንጎ ጁስና ብስኩት አለ። መተማ ዮሐንስ፣ ቀትር ላይ ነው። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«እትዬ አሰበችን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ጠይቂያት፣ ግቢ። ጁሱ ግን አይገባም።»

እትዬ አሰበች የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አምና አንድ የእግር ጣታቸው ተቆርጧል። ዘንድሮ ደግሞ እዚያው እግር ላይ ቁስል ወጥቶባቸዋል።

ግን በእኛ አገር ታማሚ በባዶ እጅ ይጠየቃል እንዴ?

ደግሞ አንድ ብርጭቆ ጁስ ምን ያደርጋል... ብዬ አሰብኩ።

አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። እትዬ አሰበች ምሳ ላይ ናቸው። የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ፣ አጠገቡ ስኳር የሌለው የከርከዴ ሻይ።

ደሜ ፈላ። እንግዳ አብልተው የማይጠግቡ ሴት... በስተርጅና ይኼ ይገባቸዋል?

ሳልገባ ቤቴ ተመለስኩና ስልኬን አነሳሁ።

አዎ... የዚህ ፔጅ አድሚን እኔ ነኝ።

«እናቱን በረሃብ የሚቀጣው የትራክተር ሾፌር» ብዬ የለጠፍኩትን ታስታውሳላችሁ? ስሙን አልጠራሁም። ግን መተማ ውስጥ ማን እንደሆነ የጠፋው ሰው አልነበረም።

ከሦስት ሺህ በላይ ሰው አጋራው። ኮሜንቱ ላይ ያልወረደበት እርግማን የለም።

በማግስቱ ስሜነህ አብደራፊ ሄደ ተባለ።

«ጥሏቸው ጠፋ» አለ ሰው። እኔም አምኜ ደግሜ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላማ በሩን የሚጠብቅ የለ... መንደሩ ጎረፈ።

ለስላሳ የያዘ አለ፣ ማር የያዘ አለ፣ ግማሹ ስኳር የሆነ ሻይ በፔርሙዝ ያመጣም አለ።

እኔም ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው የሁሪያ ሱቅ ገባሁ።

«ጁሱ ለማን ነው?» አለችኝ ሁሪያ።

«ምነው?»

«ለአሰበች ከሆነ አልሸጥልሽም። ስሜነህ ስለ አላህ ብሎ ለምኖኛል።»

«ኧረ ለልጆቼ ነው» አልኳት።

ዋሸኋት።

እትዬ አሰበች ካርቶኑን ሲያዩ መጀመሪያ ወደ በሩ ተመለከቱ። ማንም የለም። «ምነው ልጄ ባትደክሚ» አሉኝና ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ደግሜ ቀዳሁላቸው።

በስምንተኛው ቀን ስሜነህ ሲመለስ እናቱ ሲጠሯቸው አይሰሙም። ቁስሉ ከቁርጭምጭሚታቸው አልፏል። አልጋው ሥር ባዶ የጁስ ካርቶን ሞልቷል።

ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪና ላይ ሲያወጣቸው ደረስኩ።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ዛሬስ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ።

ዘልዬ መኪናው ላይ ወጣሁ። ጭንቅላታቸውን ደግፌ እስከ ጎንደር አብሬ ሄድኩ። እሱ መንገዱን ሙሉ «እማ... እማ እንዳትተኚ» ይላል። እኔ እመቤቴን እለምናለሁ።

እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ።

ነፍሳቸውን ያወቁት ከአራት ቀን በኋላ ነው። ስሜነህ መድኃኒት ሊገዛ ወጥቷል።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ልጅዎ ክፉ መስሎኝ ነው።»



«በር ላይ ቁም ያልሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ?»

«ጣቴ የተቆረጠ ጊዜ ንስሐ ገባሁ። በሽታዬን እያወቅሁ ሻዬን በስኳር ስጠጣ ኖርሁ፤ ሐኪም ሲቆጣኝ እግዜር ያውቃል እያልሁ። ለንስሐ አባቴ ይኸን ነገርኋቸው። ስግደት የሚያዙኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ‹ሥጋሽ የራስሽ አይደለም፣ የፈጣሪ አደራ ነው። ቀኖናሽ ገበታሽ ነው፤ የሚያቆምሽን ብቻ ብዪ› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ቀኖና ይወራል እንዴ ልጄ? ደግሞ እኔ የሰው እጅ መመለስ አልችልም፣ አፍራለሁ። ስሜነህን ‹አንተ ክፉ ሁንልኝ› አልሁት... እሺ አለኝ።»

«አብደራፊ የሄደውስ?»

«እዚያ እርሻ ላይ የሚነዳውን ትራክተር ለሌላ ሾፌር ሊያስረክብ ነው። እኔን ብሎ ሥራውን ሊተው። መንገድ ተዘጋበትና ቀረብኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፖስቱን አጠፋሁት። ሰው ያጋራው ግን እስከ ዛሬ ይዞራል። የቀረው እግራቸው አውራ ጣትም መደንዘዝ ጀምሯል... ሐኪሙ ምንም ተስፋ አልሰጠንም።

ወገኖቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ የምናወልቅ ሰዎች ነን። ፈጣሪ የሚያድርበትን ሥጋ ግን ያገኘነውን ሁሉ እንጨምርበታለን። ገበታችሁን ጠብቁ፣ አደራ ነውና። የምትወዱትን ሰው ስትጠይቁም የሚጎዳውን ይዛችሁ አትሂዱ።

ስሜነህ አያናግረኝም። ግን የቀን ሥራ ሲሄድ በሩን ክፍት ይተውልኛል... አሁን እዚያ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

ትናንት ጠያቂዎች ያመጡትን ሁለት ካርቶን ጁስ መለስኩ። «ምን ዓይነት ክፉ ሴት ናት» ሲሉ ሰማኋቸው።

ዝም አልኩ።

እናንተስ... ለምትወዱት ሰው ስትሉ ክፉ ተብላችሁ ዝም ትሉ ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ።