ቀጥ ያለው መንገድ

«እሺ አባዬ፣ እሁድ በመኪናዋ አዞርሃለሁ» አለው ልጁ።

«አዙረኝ አላልኩህም። የምነዳት እኔ ነኝ።»

ልጁ ሳቀ። አባቱ ዓይኑ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቤቱ ቀደም ብሎ በልጁ ስም ዞሯል፤ ሰኞ ደግሞ ቀይዋ የድሮ የውድድር መኪና ለገዢ ትሰጣለች፣ ሽማግሌውም የአረጋውያን መጠለያ ይገባል። ስለዚህ ልጁ እሺ አለ።

እሁድ ጠዋት ጥቂት እንደሄዱ ልጁ መኪናዋን አቆመና ቦታ ተቀያየሩ።

«የፍጥነት መንገዱ ላይ ነን። ጭር ብሏል፤ መሪውን ብቻ ቀጥ አድርገህ ያዝ።»

ሽማግሌው ማርሽ አስገብቶ ነዳጁን ረገጠው። ሞተሩ ጮኸ፤ በተከፈተው መስኮት የገባው ነፋስ ፊቱን መታው።

«መቶ ሃያ! ኧረ አባዬ፣ ጎረምሳ ሆንክ እኮ! መቶ ስድሳ!»

«ገደሉ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ። አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ።»

«ቀበቶ አስረሃል?»

«አላሰርኩም።»

«ደግ አደረግህ» አለ ሽማግሌው፤ መሪውንም ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ቀኝ ጠመዘዘው።

መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። የቆመችው ጋራዥ ውስጥ፣ የሞተር ጉልበት በሚለካበት ማሽን ላይ፣ በሰንሰለት ታስራ ነበር። የኋላ ጎማዎቿ የሚሽከረከሩት በብረት ሮለሮች ላይ ነው፤ ነፋሱም ከፊቷ ከተደቀነው ትልቅ ቬንትሌተር የሚመጣ ነበር። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሲስቁ የቆዩት መካኒኮች እጃቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ አባቱን መሪውን እንደያዘ ትቶት ሄደ።