ዓሣው ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞት

የባለ ዓሣዋ ዓሣ በሦስት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ በሰበሰ። ኢንሹራንሱ የመጀመሪያውን ካሰ፤ ሁለተኛውን እያጉረመረመ ካሰ፤ ለሦስተኛው ግን ጠርጥርን ላከ።

ጠርጥር የመርማሪው እውነተኛ ስም አይደለም። ገንፎ በቀረበለት ቁጥር ስንጥር የሚፈልግ ሰው ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ ያወጣለት ነው። እሱም ከመቀየም ይልቅ እንደ ሹመት ይዞታል።

ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነበር። ቴክኒሻኑ ማቀዝቀዣውን ሁለት ጊዜ ፈትሾ ከእሱ የተሻለ ጤና እንዳለው መስክሯል። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉ አልጠፋም። ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ማሽኑ እያጓራ ይሠራል፤ ዓሣው ግን ለስልሶ፣ ሽታው ደንበኛን ከአስፋልቱ ማዶ ይመልሳል። ማሽኑ ካልዋሸ ሰው ዋሽቷል ብሎ መርማሪው ደመደመ፤ ገና ወንበር እንኳ አልሳበም።

ሰዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ባለ ዓሣዋ፣ ታናሽ ወንድሟና ዘበኛው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ሱቅ ነው። ወንድሟ የሚያድረው ከማቀዝቀዣው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነው። እናታቸው ስታርፍ እጁን ይዛ ለእህቱ ያስረከበችው አደራ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ራዲዮ ያስጮሃል፤ መብራት ማጥፋት የሚባል ነገር አያውቅም፤ የማቀዝቀዣውን ሙቀት ግን በየሦስት ሰዓቱ መዝገብ ላይ ይጽፋል።

መርማሪው መዝገቡን ገለጠና ፊቱ በራ። ገጾቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው፤ ሦስት ቅዳሜና እሁዶች ብቻ ባዶ ናቸው። ዓሣው የበሰበሰው በእነዚያው ቀናት ነው። ወንድምየው በወር አንዴ እጮኛውን ለማየት ቅዳሜ ከሰዓት በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ሄዶ ሰኞ እንደሚመለስ ተናገረ።

«ዓሣው የሚበሰብሰው አንተ በሌለህበት ብቻ ነው» አለው መርማሪው። «ይህን ያህል ንጹሕ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ከሌለሁ እንዴት ነው የማበሰብሰው?»

«እኔም የምጠይቅህ እሱኑ ነው።»

ልጁ አንድ ቀን «ዓሣ ዓሣ እየሸተትኩ ማን ታገባኛለች» ብሎ መቀለዱም ተደረሰበት። መርማሪው ቀልዱን ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ለወንጀል መነሻ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ዘበኛው የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስ ጡረተኛ ወታደር ነው። ሰው ገብቶ እንደሆነ ተጠየቀ፤ አልገባም አለ። መብራት ሄዶ እንደሆነ ተጠየቀ፤ የመንገዱ መብራት ሲበራ ማደሩን ተናገረ። መርማሪው በዚህ ሰው ላይ ጥርጣሬውን ማባከን አልፈለገም። ከአራት ወር በፊት ኩባንያው ለዘበኞች በእሳት አደጋ ላይ የግማሽ ቀን ትምህርት ሲሰጥ አስተማሪው ራሱ ጠርጥር ነበር፤ የሌሊት ጥበቃውን ቅጽ ያረቀቀውም እሱ ነው። ሽማግሌው አንድ ሌሊት ሳያጓድል ሞልቶ ፈርሞበታል። መርማሪው ፊርማዎቹን እያገላበጠ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

«አባት፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው በየሱቁ ቢኖር እኛ ሥራ ፈት እንሆን ነበር» አለው። ሽማግሌው ስላልተጠየቀ ዝም አለ።

ከዚያ መርማሪው ባለ ዓሣዋን ለብቻዋ ጠራት። ወንድሟ ከግቢው ከወጣና እሷም ጥፋቱ የእሱ መሆኑን አምና ከፈረመች ኩባንያው ይክሳል፤ ውሉም ይቀጥላል። ካልሆነ ግን ጉዳቱ የቤተሰብ እጅ አለበት ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ዋና ደንበኛዋ የሆነው ሆቴል ከእንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ዓሣ ከጎደለበት ወደ ሌላ ነጋዴ እንደሚሄድ አስቀድሞ ነግሯታል። ከጠረጠሩ ይመነጥሩ ነው ብሎ መርማሪው ተረቱን በነጻ መረቀላት።

ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣች። ወንድሟን ታምነዋለች፤ እነዚያን ባዶ ገጾች ስታስብ ደግሞ አታምነውም። በራሷ አፈረች፤ ፈራችም። በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ሲያዘጋጅ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ አንቺም አደረገው ትያለሽ?»

«ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«እኔ እሱን አልጠየቅሁሽም።»

 ራዲዮውን በብብቱ ይዞ ወጣ። እናቷን እያሰበች አለቀሰች፤ ፊቷን ታጠበችና ፈረመች።

መርማሪው «የአደጋው ምንጭ ከግቢው ተወግዷል» ሲል ሪፖርቱን ቋጨ። አለቆቹ አመሰገኑት። እንደዚያ ያለ ታታሪ ዘበኛ ያፈራው ቅጽም ሥጋ፣ ወተትና አይስክሬም ለሚሸጡ ደንበኞች ሁሉ እንዲታደል ወሰኑ።

ቅዳሜ ሆቴሉ ለሠርግ ትልቅ ትእዛዝ ሰጠ። ባለ ዓሣዋ ማቀዝቀዣውን እስከ ጣሪያው ሞላች፤ በሩን በእጇ ዘጋች፤ ዘበኛውን ተሰናብታ ቤቷ ገባች። ከሦስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ወሰዳት።

ዘበኛው የወንድምየውን ክፍል አንኳኳ፤ መልስ ሲያጣ መነጽሩን አድርጎ ከቅጹ ላይ «ቅዳሜና እሁድ ሱቁ ውስጥ የሚያድር ሰው ከሌለ ለእሳት ጥንቃቄ ዋናው የመብራት ብሬከር ይጥፋ፤ ሰኞ ሠራተኛ ሊገባ ሲል ይብራ» የሚለውን አነበበ፤ እንደታዘዘውም አጥፍቶ ፈረመ።