ሜዳው እስኪታይ

የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ማማ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ ሜዳውን ዝናብ ሸፍኖታል አለ፤ ገና አሁን ያረፈው አብራሪ ደግሞ ሜዳው ጥርት ብሎ ይታያል አለ። ረዳት አብራሪዋ ሰርክአዲስ የአውሮፕላኑን መሪ ይዛ የትኛውን እንደምታምን ጨነቃት። ተሳፋሪ ጭና በመሣሪያ ሳይሆን በዓይኗ እያየች ስታሳርፍ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሜዳውን ካላየች ግን መሪውን ለካፒቴኑ ታስረክባለች።

የትውልድ ከተማዋ የዳንግላ ቆርቆሮዎች በክንፉ ስር አልፈው ወደ ኋላ ቀርተዋል። ካፒቴኑ አውራ ጣቱን የሬዲዮው ቁልፍ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። «የአገርሽን ሰማይ አንቺ ካላወቅሽው ማን ያውቀዋል? አየሁ በይኝና ለተቆጣጣሪው ልንገረው።»

«ጋሪ እየነዳሁ ቢሆን እልዎት ነበር፤ ፈረሱ መንገዱን ያውቀዋል» አለች፣ ዓይኗን ከፊት መስታወቱ ሳትነቅል። «ገና አላየሁም፣ ካፒቴን።»

ተቆጣጣሪው ሜዳው ታይቷቸው እንደሆነ በሬዲዮ ጠየቀ። የካፒቴኑ ጣት ከቁልፉ አልተነሳም፤ የሷም እጅ ከመሪው አልላላም። ድንገት የደመናው ጫፍ ተገለጠና ጣና አበራ። ከሐይቁ ወዲህ፣ ዝናቡ አጥቦት ያለፈው አስፋልት ከጫፍ እስከ ጫፍ እያብረቀረቀ ተዘርግቷል። ተቆጣጣሪውም ያረፈው አብራሪም ያዩትን ነበር የተናገሩት፤ አንዱ ዝናቡ ሲወርድ፣ ሌላው ካባራ በኋላ። ሰርክአዲስ ሳቋ አመለጣት።

«አየሁት! ይንገሩት ካፒቴን፤ የማሳርፈው እኔ ነኝ።»