የተቋረጠው ሙከራ

እንግዶቹ ከመስታወቱ ጀርባ ቆመው ይመለከታሉ። የጠፈር መንኮራኩር ብረት በሚፈተንበት ግዙፍ የነፋስ ቱቦ ውስጥ ጋዝ እያፏጨ ይነጉዳል። ዶክተር ምንትዋብ ጋዙን እንደ እቶን የሚያግለውን የሌዘር ጨረር ለመልቀቅ ጣቷን ወደ ማብሪያው ሰነዘረች። ይኼኔ ባልደረባዋ ዋሲሁን ዘሎ ኃይሉን አቋረጠው። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

ኀፍረት ፊቷን አነደደው።

«በእንግዳ ፊት አዋረድከኝ! ምቀኛ መሆንህን ድሮም አውቅ ነበር፤ ውጣልኝ!»

ድምፅዋ በማጉያው አልፎ እንግዶቹ ዘንድ ደረሰ።

ዋሲሁን ወደ መስታወቱ ዞረ። «ስህተቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ» አለና አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

«አሁን እንጀምራለን» አለች ምንትዋብ፤ ላቧን ልትጠርግ እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች። ጣቷ መነጽር ነካ። ዓይኗን ከጨረሩ የሚከልልላትን መነጽር ከግንባሯ አላወረደችውም ነበር።